ሁለተኛው ታብሌት ከመጀመሪያው በቂ ለውጥ አለው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ታብሌት ወጥቶ ዓመት እንኳን ሳይሞላው "ሁለተኛው መጣ" ይባላል። የመጀመሪያውን የገዛ ሰው "ተሸወድኩ እንዴ?" ይላል። ያልገዛው ደግሞ "የትኛውን ልግዛ?" እያለ ይጠይቃል። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነዚህንና የመሳሰሉትን ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ዕድሜ የጠገቡ ታብሌቶች ናቸው። ሆን ብዬ ነው። አዲስ ዕቃ ላይ ሁሉም ሰው ይገምታል፤ የአሮጌው መጨረሻ ግን ታይቷል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ ንገረኝ፤ ሁለተኛው ይሻላል?

ታብሌት ለሌለው ሰው፣ አዎ። ሁልጊዜ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ። "ፊት ከበቀለ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ" የሚለው ተረት ለታብሌት የተተረተ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው በእጁ ላለ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። እሱ ማወቅ ያለበት እያስቸገረው ያለው ነገር አዲሱ ላይ ተስተካክሎ እንደሆነ ነው። ወረቀቱ ላይ አሥር ማሻሻያ ተደርድሮ፣ አንዱም እሱን የማይነካው ሊሆን ይችላል።

ለምንድነው ትልቁ ለውጥ ሁለተኛው ላይ የሚመጣው?

የመጀመሪያው ሲሠራ ሰው በዕቃው ምን እንደሚያደርግበት አምራቹ ገና አያውቅም። ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ያነብበታል? ቪዲዮ ይደውልበታል? ለልጁ ሰጥቶ ይገላገልበታል? ሁሉም ግምት ነው። በዚያ ላይ ቀድሞ ገበያ የመግባት ጥድፊያ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ለቀማው የሚደርሰው ለሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን አይፓድ እንይ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2010 ተዋወቀ፤ ኤፕሪል 3 መሸጥ ጀመረ። ካሜራ የለውም፤ ከፊትም ከኋላም። ራሙ፣ ማለትም እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ 256 ሜጋባይት ነው። ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ በዚያው ጁን፣ አይፎን 4 ወጣ። ቺፑ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ያው ኤ4 የሚባለው ነው። ራሙ ግን 512 ሜጋባይት። ኪስ ውስጥ የሚገባው ስልክ ከትልቁ ታብሌት እጥፍ ራም ይዞ መጣ ማለት ነው። ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

አይፓድ 2 ከመጀመሪያው ምን ያህል ተሻለ?

የወጣው ማርች 2011 ነው። ውፍረቱ ከ13.4 ሚሊሜትር ወደ 8.8 ወረደ። ዋይፋይ ብቻ ያለው ሞዴል ክብደቱ ከ680 ግራም 601 ሆነ። ባለ አንድ ኮሩ ኤ4 ቀርቶ ባለ ሁለት ኮር ኤ5 ገባ። አፕል ሲያስተዋውቀው ፍጥነቱ እስከ ሁለት እጥፍ፣ የግራፊክስ አቅሙ ደግሞ እስከ ዘጠኝ እጥፍ ጨምሯል ብሎ ነበር። ራሙ ወደ 512 ሜጋባይት አደገ። ከፊትም ከኋላም ካሜራ ተገጠመለት። ለጌም የሚጠቅመው፣ ታብሌቱ ሲዞር የሚያውቀው ጋይሮስኮፕ ተጨመረ። ዋጋው ባለበት ቆየ።

ያልተነካውም ብዙ ነው። ስክሪኑ ያው 9.7 ኢንች፣ ያው 1024 በ768 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች)። ባትሪው ያው 10 ሰዓት። ማከማቻውም እንደ በፊቱ 16፣ 32 ወይም 64 ጊጋባይት።

ዝርዝሩን ብቻ ላየ ሰው የመጀመሪያው አይፓድ ከስቶ የመጣ ይመስላል። ያኔ ዓይን የገባው ቅጥነቱ ነበር። ዕድሜ የሰጠው ግን ሌላ ነው፤ ወደዚያ እየመጣሁ ነው።

ራም ላይ ለምን ይህን ያህል ታካብዳለህ?

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ስለሆነ ነዋ።

ራሙን ታብሌቱ ሥራውን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው በሉት። ማከማቻው መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ጠረጴዛው ከጠበበ አንዱን ወረቀት ሳያነሱ ሌላውን መዘርጋት አይቻልም።

በ256 ሜጋባይት ይህ እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ብራውዘር ከፍታችሁ ረዥም ጽሑፍ እያነበባችሁ ነው። ግማሽ ደርሳችኋል። የሆነ ቃል ለማየት ሌላ ታብ ትከፍታላችሁ። አይታችሁ ትመለሳላችሁ። የቅድሙ ገጽ ነጭ ሆኖ ይቀበላችኋል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ጀምሮ እንደገና መጫን ይጀምራል። ያቆማችሁበት መስመር የለም። ፎርም እየሞላችሁ ከነበረ ደግሞ የሞላችሁት ሁሉ ውኃ በልቶታል። ታብሌቱ አልተበላሸም። ጠረጴዛው ስለሞላበት የፊተኛውን ገጽ ጠርጎ ጥሎታል፤ በቃ።

ታብሌት ሲገዛ አዲስ እያለ ይህ ብዙም አይታወቅም። በወቅቱ ያሉት አፖች ለእሱ የተለኩ ናቸው። ከዓመት በኋላ ግን ድረ ገጹም አፑም ይወፍራል። ታብሌቱ ባለበት ነው። ራም ደግሞ እንደ ሚሞሪ ካርድ በኋላ ተገዝቶ የሚጨመር ነገር አይደለም።

አሁን መጨረሻውን እንይ። አይፓድና አይፎን የሚሠሩበት ሶፍትዌር አይኦኤስ ይባላል፤ የመጀመሪያው አይፓድ የደረሰው የመጨረሻው 5.1.1 ነው፤ 2012። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አይኦኤስ 6 ሲወጣ እሱ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ከተሸጠ ሁለት ዓመት ተኩል አልሞላውም። አይፓድ 2 ግን አይኦኤስ 6ን አገኘ፣ 7ን አገኘ፣ 8ን አገኘ፣ 9ንም አገኘ። አይኦኤስ 9.3.5 የደረሰው ኦገስት 2016 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የልደት ልዩነት 11 ወር ነው። የሶፍትዌር ዕድሜያቸው ልዩነት አራት ዓመት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አወቅሁ ባይ አንባቢ እንደሚያነሳብኝ አውቃለሁ። "አይፎን 3ጂኤስም እኮ 256 ሜጋባይት ነው፤ አይኦኤስ 6 ደርሶታል!" ልክ ነው፣ ደርሶታል። ግን የስልኩ ስክሪን 480 በ320 ነው። አይፓዱ ከአምስት እጥፍ በላይ ፒክስል ተሸክሞ ነው በዚያችው ራም የሚሮጠው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ራሙ ስንት ፒክስል እንደሚቀልብም እዩ።

አይፓድ 2 አይኦኤስ 9 ላይ ፈጣን ነው እያልኩ አይደለም። ይንቀረፈፋል። ፊደል ትነካላችሁ፣ ፊደሉ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። ቢሆንም ይሠራል። የኤ5 ቺፑና 512 ሜጋባይት ራሙ በ2012 መጨረሻ ትንሹ አይፓድ፣ የመጀመሪያው አይፓድ ሚኒ ውስጥም እንዳለ ገብቷል።

ሰማንያ ግራም ልዩነት እጅ ላይ ይታወቃል?

ይታወቃል። መጀመሪያ ሳምንት።

አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላ እጅ ይዛችሁ ስታወዳድሩ በደንብ ይሰማችኋል። ከዚያ አዲሱን ይዛችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ የሚያወዳድር የለም። ስድስት መቶ ግራምም ቢሆን በጀርባ ተኝቶ ፊት ላይ ከፍ አድርጎ ለሚያነብ ሰው ከባድ ነው። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግ አፍንጫ ላይ ሲወድቅ የሰባ ዘጠኝ ግራም ቅናሹን የሚያመሰግን አላየሁም።

ከክብደቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቅርጹ ነው። የመጀመሪያው አይፓድ ጀርባው ቆልመም ያለ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ጠርዙን ስትነኩት ይወዛወዛል። አይፓድ 2 ጀርባው ጠፍጣፋ ሆነ፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህን ማንም ማስታወቂያ ላይ አይጽፈውም። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ለሚጽፍ ሰው ግን በየቀኑ የሚታወቅ ነገር ነው።

ስክሪኑስ?

እንደ ታብሌቱ ነው። አይፓድ 2 ላይ ምንም አልተለወጠም። በአንድ ኢንች 132 ፒክስል ነበር፣ 132 ሆኖ ቀረ። ታብሌት የሚፈልገው ለማንበብ የነበረ ሰው ያኔ ባይቀይር ልክ ነበር።

ሌሎች ሁለተኛዎች ግን ትልቁን እርምጃ ስክሪን ላይ ነው የተራመዱት። የ2012ቱ ኔክሰስ 7፣ የጉግል ታብሌት፣ ስክሪኑ 1280 በ800 ነበር። የ2013ቱ 1920 በ1200 ሆነ። በኢንች ከ216 ወደ 323 ፒክስል ማለት ነው። አይፓድ ሚኒ ደግሞ ከ163 ወደ 326 ዘለለ፤ በትክክል እጥፍ።

ይህ በዓይን ምን ማለት ነው? አማርኛ አንብቡበት። "ሉ" እና "ሊ"ን ተመልከቱ። ልዩነታቸው ቀኝ እግር ላይ ያለች ጭረት ብቻ ናት። በአንዱ መሃል ላይ ናት፣ በሌላው ታች። በኢንች 132 ፒክስል ባለው ስክሪን ላይ ጽሑፉን ስታሳንሱት ያቺ ጭረት ሁለት ሦስት ፒክስል ትሆንና ትደበዝዛለች። ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ ገምታችሁ ነው የምታልፉት። 326 ላይ ጭረቷ ጥርት ብላ ትታያለች። የላቲን ፊደል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት እኛ የምናየውን ያህል አያየውም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለዚህ ፒዲኤፍና መጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ከፕሮሰሰሩም ከካሜራውም በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ።

ካሜራ ስለተጨመረ ብቻ ልቀይር?

አይ። የአይፓድ 2 የኋላ ካሜራ አንድ ሜጋፒክስል እንኳን አይሞላም። የፊቱ 640 በ480 ነው። ለቪዲዮ ጥሪ ይሆናል። ፎቶ ማንሳት ስትፈልጉ ስልካችሁን አውጡ።

አዲሱ ባትሪው ብዙ ይቆያል ይላሉ። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ ያረጀ ባትሪን ከአዲስ ባትሪ ጋር እያወዳደርን ነው። የመጀመሪያው አይፓድም አይፓድ 2ም ባትሪያቸው 25 ዋት ሰዓት ነው፤ የተባለላቸውም ያው 10 ሰዓት ነው። ግን ዓመት ያገለገለውን ከካርቶን ከወጣው ጎን ብታስቀምጡት አዲሱ ማሸነፉ አይቀርም። ሊቲየም ባትሪ በየቻርጁ ትንሽ ትንሽ ያልቃል። አፕል ራሱ የአይፓድ ባትሪ 1000 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው ይላል።

እንዲያውም ባትሪው ያነሰ ሁለተኛም አለ። ኔክሰስ 7 ከ4325 ሚሊአምፒር ሰዓት ወደ 3950 ወርዷል። ቀጭንና ቀላል የሆነው በነፃ አይደለም። ክብደቱ ከ340 ወደ 290 ግራም ሲወርድ የሆነ ነገር መውጣት ነበረበት።

ችግራችሁ ባትሪ ብቻ ከሆነ ባትሪውን ማስቀየር ምን እንደሚያስወጣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ታብሌቴ ስገዛው ፈጣን ነበር፤ አሁን ይጎተታል። ሁለተኛውም እንዲሁ ይሆናል?

የሚወሰነው በሚጎትተው ነገር ነው። ከራም ሌላ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ የማከማቻው ፍጥነት።

የ2012ቱን ኔክሰስ 7 የያዙ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ሲገዛ እንደ ጥይት ነበር። ከወራት በኋላ፣ በተለይ ማከማቻው ሲሞላ፣ አንድ አፕ ዳውንሎድ እያደረጋችሁ ሌላ ነገር ስትነኩ ስታክ ያደርጋል። የፍላሽ ማከማቻ ባሕርይ ነው። አሮጌ መረጃ ላይ አዲስ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ ማጥፋት አለበት። እናንተ ፋይሉን ስትሰርዙ ታብሌቱ "ይህ ቦታ ባዶ ነው" ብሎ ለማከማቻው ካልነገረው፣ የማጥፋቱ ሥራ ተጠራቅሞ መጻፍ በምትፈልጉበት ሰዓት ይመጣል። አንድሮይድ ይህን በየጊዜው ከጀርባ የሚያጸዳ ሥርዓት ያገኘው በ4.3 ነው። 4.3 የወጣው በጁላይ 2013 ነው። የ2013ቱ ኔክሰስ 7 ደግሞ ከካርቶኑ ሲወጣ 4.3 ይዞ ነው።

አያችሁ፣ ለሁለተኛው ገዥ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ተፈቶለታል። ለፊተኛው በአፕዴት መጣለት። ስለዚህ "ይጎተታል" ብላችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ማከማቻውን ቢያንስ ሩቡን ባዶ አድርጉት። አፕዴት ካለው አድርጉለት፤ ግን የመጨረሻውን አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት የሌሎችን አስተያየት አንብቡ። ያው የ2012ቱ ኔክሰስ ወደ አንድሮይድ 5 ካደገ በኋላ ብሶበታል የሚሉ ብዙ ናቸው። ወደኋላ መመለስ ደግሞ እንደ መጫኑ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰበት ጊዜ አለ?

አለ። የሳምሰንግ የመጀመሪያው ጋላክሲ ታብ በ2010 ሲወጣ የኋላ ካሜራው ፍላሽ ነበረው። የፊቱ 1.3 ሜጋፒክስል ነበር። በ2012 የመጣው ባለ 7 ኢንቹ ጋላክሲ ታብ 2 ፍላሽ የለውም፤ የፊት ካሜራውም ወደ 640 በ480 ወርዷል። ስክሪኑ ያው 1024 በ600 ነው። ራሙ ግን ከ512 ሜጋባይት ወደ 1 ጊጋባይት አድጓል። ባለ ሁለት ኮርም ሆኗል። ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። እኔ ብሆን ፍላሹን ሰጥቼ ራሙን እወስዳለሁ። ሌሊት ሰነድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ግን ይናደዳል፤ እውነት አለው።

ሌላ ዓይነትም አለ። ዕቃው በሙሉ ተሻሽሎ፣ የቆመበት መሬት የሚከዳው። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 2012 ሰርፌስ አርቲን አወጣ። በዓመቱ ሰርፌስ 2 መጣ። ስክሪኑ ከ1366 በ768 ወደ 1920 በ1080 አደገ። ፕሮሰሰሩ ፈጠነ። ከጀርባው የሚከፈተው መደገፊያ በአንድ ማዕዘን ብቻ ይቆም የነበረው በሁለት መቆም ጀመረ፤ ጭን ላይ አስቀምጦ ለሚሠራ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ዕቃ ከተመዘነ ጥሩ ሁለተኛ ነው። ግን የሚሠራው በዊንዶውስ አርቲ ነው። የተለመዱት የዊንዶውስ ፕሮግራሞች አይጫኑበትም። ዊንዶውስ 10 ሲመጣም አልደረሰውም። "አፖቹ ይመጣሉ" ብሎ የገዛው ሰው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስሙ አንድ ነው።

በስም አትመኑ። ሁለቱም ኔክሰስ 7 ይባላሉ። ያገለገለ ስትገዙ ጀርባውን ገልብጡት። የ2012ቱ የኋላ ካሜራ የለውም፤ የ2013ቱ አለው። አይፓድ ላይ ከጀርባ በትንንሽ ፊደል የሞዴል ቁጥር ተጽፏል። ኤ1219 እና ኤ1337 የመጀመሪያው ናቸው። ኤ1395፣ ኤ1396 እና ኤ1397 ከሆነ አይፓድ 2 ነው። መሸፈኛ ካለው አውልቁት፤ ሻጩ ቢቸኩልም አውልቁት።

ሁለተኛውን ትቼ ሦስተኛውን ብጠብቅስ?

አንዳንዴ ያዋጣል፣ አንዳንዴ ያስቆጫል። የሦስተኛው አይፓድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ነው።

ማርች 2012 ሲወጣ ስክሪኑ 2048 በ1536 ሆነ። ሁሉም ሲጠብቀው የነበረው እሱን ነው። ያንን ሁሉ ፒክስል ለማብራት ግን ባትሪው 42.5 ዋት ሰዓት መሆን ነበረበት። ስለዚህ ወፈረ፤ ከ8.8 ወደ 9.4 ሚሊሜትር። ክብደቱም 652 ግራም ገባ። ቻርጅ ለማድረግም ረዥም ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በዚያው ዓመት ኦክቶበር አራተኛው ተዋወቀ፤ ፈጣን ቺፕ፣ አዲሱን ላይትኒንግ የተባለ መሰኪያ ይዞ። ሦስተኛው ሰባት ወር ተሽጦ ከገበያ ወጣ። የሚያስቀው፣ አይፓድ 2 ያኔም መደርደሪያ ላይ ነበር። እስከ ማርች 2014 ተሽጧል። ታናሹን ቀብሮ ነው የሄደው።

የምትጠብቁት አንድ የተወሰነ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ስክሪኑ፣ ጠብቁ። "ምናልባት የተሻለ ይመጣል" ብቻ ከሆነ መጠበቁ ማለቂያ የለውም። ሁልጊዜም የተሻለ ይመጣል።

እሺ፣ የመጀመሪያው አለኝ። ልቀይር ወይስ ልተወው?

አንድ ሳምንት ወረቀት አጠገባችሁ አስቀምጡ። ታብሌቱ ባናደዳችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ። "ገጹ እንደገና ተጫነ።" "አፑ ራሱን ዘጋ።" "ቻርጅ ቀትር ላይ አለቀ።" ሌላ ምንም አትጻፉ።

እኔ ይህን ሳደርግ ሰባት መስመር ወጣኝ። አራቱ የዋይፋዬ ጥፋት ናቸው። አንዱ የራሴ ነው፤ ፓስዎርዴን ረስቼ ታብሌቱን ስሰድብ ነበር። የታብሌቱ ጥፋት ሁለት ብቻ ሆነ። አዲስ ልገዛ አሰፍስፌ የነበርኩት ሰውዬ ሞደሙን ከቁም ሣጥን ኋላ አውጥቼ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩና ሌላ አንድ ዓመት ተኩል ተጠቀምኩበት።

ወረቀታችሁ ላይ ከራም ወይም ከአፕዴት ጋር የተያያዘ ነገር ከበዛ ቀይሩ። በተለይ የምትሠሩበት አፕ "ይህን ስሪት አልደግፍም" ማለት ከጀመረ አትዘግዩ፤ ያ ከመጣ አይመለስም። ከቅጥነት፣ ከቀለምና ከካሜራ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ዝለሉት።

የድሮው ቻርጀርና መሸፈኛ ለአዲሱ ይሆናል?

ቻርጀሩ የመሆን ዕድል አለው፤ መሸፈኛው ግን አይሆንም። ከመጀመሪያው አይፓድ ወደ 2 ሲኬድ መሰኪያው ያው ባለ 30 ፒን ነበር። መሸፈኛው ግን ውፍረቱ ስለተለወጠ ቀረ። በማግኔት የሚጣበቀው፣ ሲከፈት ስክሪኑን የሚያበራው ሽፋንም የመጣው ከአይፓድ 2 ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያው ላይ የሚይዘው ማግኔት የለም። ዋጋ ስታስሉ መሸፈኛውን ደምሩበት። ሁልጊዜ ይረሳል።

ዛሬ ያገለገለ አይፓድ 1 ወይም 2 በርካሽ ባገኝ ልግዛ?

ለኢንተርኔት ብላችሁ ከሆነ አትግዙ። ችግሩ ቀርፋፋነት ብቻ አይደለም። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ብዙ ድረ ገጾች እውነተኛነታቸውን ለማረጋገጥ የሚመኩበት አንድ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አለፈ። የሚተካውን ሰርተፍኬት ከአይኦኤስ 10 በታች ያሉት አያውቁትም። ስለዚህ ገጹን ስትከፍቱ "ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቫይረስ ገብቶበት አይደለም፤ ዘመኑ አልፎ ነው። አፖችም አብዛኞቹ አዲስ ስሪት ይጠይቃሉ። በባንክ ጉዳይ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ አሮጌ ታብሌት ጨርሶ አትንኩ።

የመጀመሪያውን ምን ላድርገው?

ኢንተርኔት የማይፈልግ ሥራ ስጡት። ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የፎቶ ፍሬም፣ የጠረጴዛ ሰዓት ይሆናል። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ መጀመሪያ ከአካውንታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የተሰጠው ሰው ከፍቶ የእናንተን ፓስዎርድ ሲጠየቅ ይቀመጣል።

ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ በየወሩ ከጎን እዩት። ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ካለ ወይም ጠፍጣፋው ጀርባ ጠረጴዛ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ ባትሪው አብጧል። ንቀሉት፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፤ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ወይም ጥገና ቤት ውሰዱት።